ሙሉና ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስ፦ ከማስነቀል በፊት ጀምሮ እስከ መልመድ

ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያሠራ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ አፌ ውስጥ የቀረው ጥርስ፣ ሌላው ቢቀር ሥሩ፣ ይተርፋል ወይ? አዲሱ ጥርስ ምቹ መሆን አለመሆኑ በከፊል የሚወሰነው ገና ምንም ሳይነቀል ነው። ስለዚህ እኛም ከዚያ እንጀምር።

ጥርስ ሲነቀል ጥርሱን ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። በጣም የሚቀንሰው በመጀመሪያው ዓመት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይበርዳል እንጂ አይቆምም፤ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ሰው ሠራሹ ጥርስ የሚቀመጠው በዚህ አጥንትና በላዩ ባለው ድድ ላይ ነው። ዛሬ ልክክ ብሎ የገባ ጥርስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢንቀሳቀስ፣ ጥፋቱ የጥርሱ ላይሆን ይችላል። ጥርሱ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው አፉ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ፣ መቼ ይሠራ፣ መቼ ይስተካከል፣ ምን ይትረፍ የሚለው፣ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ምን ምን ዓይነት አለ?

ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው በላይኛው ወይም በታችኛው መንጋጋ አንድም ጥርስ ላልቀረው ሰው ነው። መሠረቱ አክሪሊክ የሚባል የድድ ቀለም ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በአንድ መንጋጋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 14 ጥርስ ይደረደርበታል። የአዋቂ ሰው ጥርስ 32 ቢሆንም ከኋላ መጨረሻ ላይ የሚበቅሉት አራቱ አይተኩም።

የላይኛውና የታችኛው ግን አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ብስጭት ያስቀራል። የላይኛው ላንቃን በሙሉ ስለሚሸፍን ሰፊ ቦታ ላይ ያርፋል። በጥርሱና በድዱ መካከል ስስ የምራቅ ሽፋን አለ፣ ዳር ዳሩም አየር እንዳያስገባ ተደርጎ ይሠራል። ሁለት እርጥብ መስታወቶች ተጣብቀው ለማላቀቅ እንደሚያስቸግሩት ማለት ነው። የታችኛው ይህ ዕድል የለውም። ለምላስ ቦታ መልቀቅ ስላለበት ግማሽ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ከላይኛው ግማሹን ያህል ቢሆን ነው። በዚያ ላይ ምላስ በአንድ በኩል፣ ጉንጭና ከንፈር በሌላ በኩል ይገፉታል። የላይኛውን ብዙ ሰው በቀላሉ ይለምደዋል። የታችኛው ትዕግሥት ይጠይቃል።

(በድሮ ጊዜ የላይኛው እንዳይወድቅ ከታችኛው ጋር በሞላ ይያያዝ ነበር። የአሜሪካው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እንዲህ ዓይነት ጥርስ ነበራቸው። የእንጨት ነበር የሚባለው ተረት ነው። ከጉማሬ ጥርስ፣ ከሰው ጥርስና ከብረት ነበር የተሠሩት። አፍ በተከፈተ ቁጥር ሞላው ሲገፋ ይታያችሁ!)

ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው ደግሞ የራሳቸው ጥርስ ለቀረላቸው ሰዎች ነው። የጎደለውን ቦታ ይሞላል፣ የቀሩትን ጥርሶች ደግሞ በትንንሽ መንጠቆዎች ይይዛል። በብዛት የሚሠሩት ሦስት ዓይነቶች ናቸው።

የአክሪሊኩ ዋጋው ቀለል ያለ ነው፣ ቶሎ ይሠራል፣ በኋላ ሌላ ጥርስ ቢነቀል እዚያው ላይ መጨመር ይቻላል። ግን ወፈር ይላል፤ ክብደቱን በሙሉ የሚጥለውም ድድ ላይ ነው። ስለዚህ ለጊዜያዊነት ይሻላል።

የብረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኮባልትና ክሮሚየም ቅይጥ ይሠራል። ቀጭንና ጠንካራ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ በቀሩት ጥርሶች ላይ የሚያርፉ ትንንሽ ድጋፎች አሉት። ስለዚህ የማኘክ ኃይሉን ድድ ብቻ ሳይሆን ጥርሶቹም ይካፈሉታል። የሚይዘው ጠንካራ ጥርስ ካለና አቅም ከፈቀደ፣ ለረጅም ጊዜ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሦስተኛው እንደ ናይለን ካለ ተጣጣፊ ፕላስቲክ የሚሠራው ነው። መንጠቆው የድድ ቀለም ስላለው አይታይም፤ ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ሲሰበር መጠገንና ሲሰፋ ውስጡን መሙላት ግን ያስቸግራል። ይህን ሳይነግሩ የሚሸጡት ስላሉ ይጠይቁ።

ብሪጅና ኢምፕላንት ከእነዚህ ይለያሉ። ብሪጅ ከጎንና ከጎን ባሉ ጥርሶች ላይ ተለጥፎ የሚቀር ነው፣ አይወልቅም። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚተከል የታይታኒየም ብሎን ነው። ስለ ኢምፕላንት ወደ መጨረሻ እንመለሳለን፤ ከታችኛው ጥርስ ጋር ጉዳይ አለው።

አንደኛ፦ ከማስነቀልዎ በፊት

«ሁሉንም ነቅለህ ገላግለኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሕመም ሲበዛ ያስብላል። ግን አንድ ጊዜ ያስቡበት።

ሐኪሙን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ሥሩ ማትረፍ የሚቻል ጥርስ አለ?» የጥርሱ የላይኛው ክፍል ቢበላሽም ሥሩ ደህና ሊሆን ይችላል። የሥር ሕክምና ተደርጎለት፣ ጥርሱ ከድድ ብዙም ሳይርቅ ይቆረጥና ሰው ሠራሹ ጥርስ በላዩ ላይ ይቀመጣል። ከውጭ ሲታይ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ ከሥሩ ግን የራስዎ ሥር አለ። ሥሩ ካለ አጥንቱ ሥራ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት ይህን ለ5 ዓመት ተከታትሎ ነበር። በታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል፣ ሥር የተረፈላቸው ሰዎች አጥንት በአማካይ 0.6 ሚሊ ሜትር ሲቀንስ፣ ሁሉም የተነቀለባቸው 5.2 ሚሊ ሜትር ቀንሶባቸዋል። ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል።

ለዚህ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ክራንቻ ጥርስ ነው፤ ሥሩ ረጅም ነው። በተለይ የታችኛው መንጋጋ ሁለት ክራንቻዎች ደህና ከሆኑ በቀላሉ አይስጧቸው። የተረፈው ሥር ግን እንደማንኛውም ጥርስ ይበሰብሳል። በየቀኑ ካልተቦረሸ ትርፉ ድካም ነው።

ከፊል ጥርስ ለሚያሠሩ ሰዎች ደግሞ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ። መጀመሪያ የተበላሸው ይሞላ፣ የድድ በሽታው ይታከም፣ የደነደነው ቆሻሻ ይጠረግ። መንጠቆ የሚይዘው ጥርስ ራሱ የሚነቃነቅ ከሆነ ከፊል ጥርሱ ይዞት ይሄዳል።

ሐኪሙ ባይጠይቅም እነዚህን ይንገሩት። የስኳር ሕመም ካለብዎ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ፣ ለአጥንት መሳሳት መርፌ ወይም እንክብል ወስደው ከሆነ፣ ፊት ወይም አንገት ላይ የጨረር ሕክምና ከነበረዎ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከተነቀለ በኋላ ቁስሉ እንዳይድን ሊያደርጉ ስለሚችሉ በፍጹም አይዝለሏቸው። አፍዎ የሚደርቅ ከሆነም ይናገሩ። የደም ግፊትና የድብርት መድኃኒቶችን ጨምሮ ምራቅ የሚቀንሱ ብዙ መድኃኒቶች አሉ። ምራቅ ከሌለ የላይኛው ጥርስ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ሁለተኛ፦ ወዲያው ወይስ ጠብቆ?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከተነቀለ በኋላ ድዱ እስኪድን ጠብቆ ማሠራት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠበቃል። ሌላው ጥርሱ ቀድሞ ተሠርቶ፣ በሚነቀልበት ዕለት እዚያው የሚገባው ነው።

የሁለተኛው ጥቅም ግልጽ ነው። አንድም ቀን ያለ ጥርስ አይውሉም። ሥራቸው ከሰው ጋር ለሆነ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱን ግን አብረው ይወቁ። ፊት ለፊት ያለው ጥርስ ገና ስላልተነቀለ አዲሱን ቀድሞ አፍ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መሞከር አይቻልም። ድዱና አጥንቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት በፍጥነት ስለሚቀንስ ጥርሱም ቶሎ ይሰፋል። ስለዚህ በወራት ውስጥ ውስጡን ማስሞላት፣ አንዳንዴም አዲስ ማሠራት ግድ ነው። ወጪውን ሲያሰሉ ይህን ይጨምሩበት።

ወዲያው የሚገባውን ከመረጡ፣ ሐኪሙ ካላለ በቀር የመጀመሪያውን 24 ሰዓት አያውልቁት። ካወለቁት ድዱ ያብጥና መልሶ አይገባም። ብዙ ሰው «እስቲ ቁስሉን ልየው» ብሎ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ ልክ ማስወሰድ

ሐኪሙ አፍዎ ውስጥ ለስላሳ ነገር የሞላበት ሳህን መሰል ነገር ያስገባል፤ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ከዚያ በጀሶ የአፍዎ ቅጂ ይወጣል። ለሙሉ ጥርስ ልክ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። የመጀመሪያው ጠቅላላ ቅርጹን ይይዛል። በእሱ ላይ ተመሥርቶ ለእርስዎ አፍ ብቻ የሚሆን መያዣ ይሠራና ሁለተኛው፣ ጥንቁቁ ልክ ይወሰዳል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ከንፈርዎንና ጉንጭዎን ያንቀሳቅሳል፣ ምላስዎን እንዲያወጡ ይጠይቃል። ጡንቻዎቹ ሲንቀሳቀሱ የጥርሱ ዳር የት ድረስ መድረስ እንዳለበት የሚታወቀው ያኔ ነው። አይግደርደሩ፣ በደንብ ያንቀሳቅሱ።

ማቅለሽለሽ ከመጣ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ራስዎን ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉ፣ በአፍንጫ በዝግታ ይተንፍሱ። አንዱን እግር ከፍ አድርጎ አየር ላይ መያዝም ሐሳብን ስለሚወስድ ይረዳል። ሞኝነት ይመስላል፤ ይሠራል።

አራተኛ፦ ንክሻና ቀለም

ቀጥሎ በሰም በተሠራ ግንብ መሰል ነገር የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ የሚገናኙበት ከፍታ ይለካል። ይህ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ጥርሱ አያስተኛም። ከፍታው ሲበዛ ሲያወሩ ጥርስ ከጥርስ ጋር ይንኳኳል፣ ከንፈር ለመግጠም ይታገላል፣ መንጋጋ ይደክማል። ሲያንስ አገጭ ወደ አፍንጫ ይጠጋል፣ የአፍ ጥግ ይታጠፋል፣ ፊት ከዕድሜው በላይ ያረጃል።

የጥርስ ቀለምና ቅርጽም እዚህ ላይ ይመረጣል። ድሮ በራስዎ ጥርስ ስቀው የተነሡት ፎቶ ካለዎት ይዘው ይሂዱ። ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ነጭ በረዶ የሚመስለውን ቀለም የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው፤ ምርጫው የባለቤቱ ነው። ግን የዕድሜና የቆዳ ቀለምን ያላገናዘበ ንጣት ከሩቅ «ሰው ሠራሽ ነኝ» ይላል። ከፊል ጥርስ ከሆነ ምርጫ የለም፤ ጎረቤቱን መምሰል አለበት።

አምስተኛ፦ የሰም ሙከራ

ከጠቅላላው ሂደት በጣም ትኩረት የሚፈልገው ቀጠሮ ይህ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ በደቂቃ ውስጥ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ይመጣሉ። ከሰም ማንሳት፣ ማዞር፣ ዝቅ ከፍ ማድረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው። አክሪሊክ ከሆነ በኋላ ግን ቦታ መቀየር ማለት እንደገና መሥራት ማለት ሊሆን ይችላል። ይሉኝታ የሚባል ነገር ካለዎት ለዚያች ሰዓት ቤት ይተዉት።

መጀመሪያ መስታወት ይያዙና መስኮት አጠገብ፣ በተፈጥሮ ብርሃን ይመልከቱ። የክሊኒኩ መብራት ቀለም ያታልላል። ፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን በጎንም ይዩ። ከንፈር ተነፍቷል? ወደ ውስጥ ሰምጧል? የላይኞቹ መካከለኛ ጥርሶች መስመር ከአፍንጫው መሃል ጋር ይሄዳል? ፈገግ ሲሉ ድዱ ይበዛል?

ከዚያ ያውሩ። «ስልሳ ስድስት»፣ «ሰባት»፣ «ሽማግሌ» ይበሉ። ስ እና ሽ ላይ ፉጨት ካለ ወይም ጥርሶቹ ከተጋጩ ይናገሩ። «ፍሬ»፣ «ፋና» ሲሉ የላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር እርጥብ ዳር በቀስታ መንካት አለበት። ካልደረሰ ወይም ከንፈሩን ከወጋ ጥርሱ አጥሯል ወይም ረዝሟል ማለት ነው።

ፊትዎን በደንብ የሚያውቅና እውነቱን የማይደብቅ አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ። ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ «ይሄ እርስዎን አይመስልም» ካሉ ያዳምጡ። ሰሙ ላይ ጥርሱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ግን አይደንግጡ። የመጨረሻው አክሪሊክ ከዚህ የተሻለ ይይዛል።

ካልረኩ «ሌላ ቀጠሮ ይሰጠኝ» ማለት መብትዎ ነው። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

ስድስተኛ፦ መረከብ

ጥርሱ ሲገባ የሚወጋ ቦታ ካለ እዚያው ይስተካከላል። ከመነሣትዎ በፊት ራስዎ ሐኪሙ ፊት ያስገቡት፣ ያውጡት።

ከፊል ጥርስ የሚገባው በአንድ የተወሰነ አቅጣጫ ነው። በጣት ገፋ እያደረጉ ያስገቡት፤ ነክሰው አያስገቡት። በንክሻ የሚያስገቡ ሰዎች መንጠቆውን ያጣምማሉ፣ አንዳንዴም ይሰብሩታል። ሲያወጡ ደግሞ ሁለቱን ጎን እኩል ይሳቡ። በአንድ መንጠቆ ብቻ መሳብ መንጠቆውንም ጥርሱንም ይጎዳል።

በዚያው ዕለት የክትትል ቀጠሮ ይያዙ። ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ አንድ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ። ያለ ክትትል የሚሰጥ ጥርስ ያልተጨረሰ ሥራ ነው ባይ ነኝ።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ምራቅ ይበዛል። አንጎል ምግብ የገባ ስለሚመስለው ነው፤ በቀናት ውስጥ ይረጋጋል። አፍ የሞላ ይመስላል። ምላስ ቦታ ያጣ ይመስላል። ንግግር ይኮላተፋል። ለዚህ ዋናው መድኃኒት ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። የሚያስቸግሩዎትን ቃላት ለይተው ይደጋግሙ።

ሲበሉ ለስላሳ ነገር ያስቀድሙ፣ በትንሽ በትንሹ ይቁረጡ። በተፈጥሮ ጥርስ በአንድ ጎን ማኘክ የተለመደ ነው። በሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን አንዱን ጎን ብቻ ሲጫኑ ሌላው ይነሣል። ስለዚህ ጉርሻውን ለሁለት ከፍለው በሁለቱም ጎን ባንድነት ያኝኩ። በፊት ጥርስ አይንከሱ፤ ከኋላ ይለቅቃል። ላንቃ ስለተሸፈነ ሙቀት በደንብ አይታወቅም፣ ትኩስ ነገር ሲጠጡ ይጠንቀቁ።

እውነቱን ለመናገር፣ የሙሉ ጥርስ የማኘክ ኃይል ከተፈጥሮ ጥርስ ሩቡን ያህል ቢሆን ነው። «እንደ ድሮዬ እበላለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ምርጥ በሚባለው ጥርስም ያዝናል።

አሁን ወደ ቁስል። መጀመሪያ ላይ መቁሰል የተለመደ ነው። ሲያም አውልቀው ድድዎን ያሳርፉ፤ ለብ ባለ የጨው ውኃ ይጉመጥመጡ። ግን ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት፣ ቢቻል ከአንድ ቀን አስቀድሞ፣ ካልሆነም ለጥቂት ሰዓታት ጥርሱን ያድርጉት። ሐኪሙ የሚሞርደውን ቦታ የሚያገኘው ድዱ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ነው። ሳምንት ሙሉ አውልቀው ድዱ ድኖ ቢሄዱ የሚያየው ነገር የለም፣ እርስዎም መልሰው ይቆስላሉ።

ራስዎ በሞረድ ወይም በቢላ አይንኩት። ቤት ውስጥ የተፋቀ ጥርስ ብዙ ጊዜ መልሶ አይገጥምም። ድዱ ላይ ያለ ቁስል ከ2 ሳምንት በላይ ካልዳነ ጥርሱን ብቻ አይውቀሱ። ለሐኪም ያሳዩት፤ የአፍ ካንሰርም እንዲህ ሊጀምር ይችላል።

ጽዳት

ከበሉ በኋላ ያውልቁና በውኃ ያለቅልቁ። በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና ከውስጥም ከውጭም ይቦርሹት። የጥርስ ሳሙና አይጠቀሙ፤ አብዛኞቹ አክሪሊኩን ይጭራሉ፣ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ጀርም ይሸሸጋል። ሲያጥቡ ከሥር ውኃ ያለበት ሳፋ ወይም ፎጣ ያድርጉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከእጅ አምልጦ ሲወድቅ በቀላሉ ይሰበራል።

የፈላ ውኃ አክሪሊኩን ያጣምመዋል። በረኪና ደግሞ ብረት ያለበትን ጥርስ ያበላሻል። አረፋ የሚያወጡት የማጽጃ እንክብሎች ጥሩ ናቸው፤ ግን ብሩሽን አይተኩም። ጥርሱ አፍ ውስጥ እያለም አይጠቀሙባቸው፣ ከተዘፈዘፈ በኋላም በደንብ ያለቅልቁት።

አፍም ይጽዳ። ጥርስ የሌለበት ድድ፣ ላንቃና ምላስ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ከፊል ጥርስ ያለው ሰው በተለይ መንጠቆ የሚነካቸውን ጥርሶች አጥብቆ ይቦርሽ። ቀድመው የሚበሰብሱት እነሱ ናቸው።

ማታ ይውለቅ

ያለ ጥርስ መታየት የማይፈልግ ሰው አለ፣ ይገባኛል። ግን ድዱ ማረፍ አለበት። ሌት ተቀን የማይወልቅ ጥርስ ከሥሩ ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ያራባል። ላንቃው ቀልቶ የጥርሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ ስለማያምም ባለቤቱ አያውቀውም። የሳንባ ምች ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጃፓን ጥናት ዕድሜያቸው 85ና ከዚያ በላይ የሆኑ 524 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ጥርሳቸውን አድርገው የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቷል። ስለዚህ ማታ ታጥቦ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይደር። ደረቅ ከተተወ ቅርጹ ሊለወጥ ይችላል።

ማጣበቂያ

ልኩን በጠበቀ ጥርስ ላይ ትንሽ ማጣበቂያ ለመተማመን ይረዳል። ሦስት አራት ጠብታ፣ እያንዳንዱ የአተር ፍሬ የማያክል፣ በታጠበና በደረቀ ጥርስ ላይ ይበቃል። ማታ ከጥርሱም ከድዱም ተጠርጎ ይውጣ። ዚንክ ያለበትን ለዓመታት ከመጠን በላይ የተጠቀሙ ሰዎች ሰውነታቸው መዳብ አጥሮት የነርቭ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ዚንክ የሌለበትን ይምረጡ። መጠኑ ከወር ወር ከጨመረ ግን ችግሩ ማጣበቂያው አይደለም። ጥርሱ ሰፍቷል።

ሲሰፋ፣ ሲሰበር፣ ሲያረጅ

ጥርሱ ሲሰፋ በአዲስ አፍ ልክ ውስጡ ይሞላል፤ ሐኪሞቹ ሪላይን ይሉታል። ጥርሶቹ ካላለቁ አዲስ ከማሠራት ይህ ይቀላል። በአጠቃላይ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። የአፍ ጥግ መሰንጠቅ፣ ሲስቁ ወይም ሲያስሉ መውደቅ፣ ከሥሩ ምግብ መግባት፣ ፊት መኮማተር፣ እነዚህ የመታደስ ጊዜው መድረሱን ይነግራሉ። አንድም ጥርስ ባይኖርዎ እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ አፍዎን ያስመርምሩ።

በታችኛው ጥርስ ብዙ ሞክረው ያልሆነላቸው ሰዎች አሉ። አይፈረድባቸውም። የታችኛው መንጋጋ የፊት አጥንት ከላይኛው አራት እጥፍ ገደማ በሚሆን ፍጥነት ይቀንሳል። ለእነሱ ያለው ጥሩ አማራጭ ሁለት ኢምፕላንት ከፊት ተተክሎ ጥርሱ በላዩ ላይ ቀጭ ብሎ እንዲይዝ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ ጥርስ ለሌለው የታችኛ መንጋጋ ቀዳሚው ምርጫ ይህ ይሁን ብለው ተስማምተዋል። ጥርሱ ያው ይወልቃል፣ ያው ይታጠባል። ሲያወሩና ሲያኝኩ ግን አይዋኝም። አሁን ያለው ሰው ሠራሽ ጥርስዎ ጥሩ ከሆነ እሱኑ አስተካክሎ መጠቀምም ይቻል ይሆናል፤ አዲስ ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ።

ጥርሱ ከተሰበረ ቁርጥራጩን በሙሉ ይሰብስቡ፤ ትንሿ ስባሪም ትጠቅማለች። ቤት ባለ ሙጫ አይለጥፉት። ሙጫው ስብራቱን በትክክል አያገጥምም፣ ላቦራቶሪውም ከዚያ በኋላ ልኩን ማግኘት ይቸገራል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይውሰዱት፤ አብዛኛው ስብራት ቀላል ጥገና ነው። ደጋግሞ በአንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ግን ጥገናውን አቁመው ንክሻውንና ልኩን ያስመርምሩ። ሪላይን የሚያስፈልገው ጥርስ ስለሚወዛወዝ እዚያው መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል።